ደጃፌ ላይ ስንት ነው? የፉኩሺማ በጎ ፈቃደኞችና የመንግሥት መግለጫ

ማርች 15 ቀን 2011 (መጋቢት 6 ቀን 2003 ዓ.ም.) አመሻሽ ላይ፣ በጃፓን ፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ኢታቴ በምትባል ተራራማ መንደር ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርድ ነበር። እዚያ የነበረው የጨረር መለኪያ በሰዓት 44.7 ማይክሮሲቨርት (ሰውነት የሚያገኘው ጨረር የሚለካበት አሃድ) አሳየ። በደህናው ጊዜ የአካባቢው ልክ ከ0.1 አያልፍም። ኢታቴ ከተጎዳው የኒውክሌር ማመንጫ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንግሥት ሕዝቡ እንዲለቅ ካዘዘበት ክልል ውጭ ስለነበረች ከባሕር ዳርቻ የሸሹ ሰዎችን ታስጠጋ ነበር። ራሷ ለቀው የሚወጡባት ቦታ ተብላ በይፋ የተሰየመችው ኤፕሪል 22 ነው፤ አምስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

በዚህ ጥናት የማየው እንዲህ ያለው ክፍተት በማን፣ እንዴት እንደተሞላ ነው። ያን ጊዜ የሞሉት በአብዛኛው ከየቤታቸው በኢንተርኔት የተገናኙ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ስለእነሱ ሲወራ ብዙ ጊዜ መንግሥትን ያጋለጡ ጀግኖች ተደርገው ይነሣሉ። እኔ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው፦ ከመካከላቸው ዘላቂ ሥራ የሠሩት መንግሥትን ለመርታት አልተነሡም፤ መንግሥት ሊመልሰው ያልቻለውን አንድ ቀላል ጥያቄ፣ «ደጃፌ ላይ ጨረሩ ስንት ነው?» የሚለውን፣ መለሱ። ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመድረኩ የተነገረው

የመሬት መንቀጥቀጡ የደረሰው ማርች 11፣ በጃፓን ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር ሲነገር) ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ላይ ነው፤ መጠኑ 9.0። ቴፕኮ የተባለው ኩባንያ ለፉኩሺማ ዳይቺ ማመንጫው ያሰበለት የሱናሚ ከፍታ 5.7 ሜትር ነበር። የመጣው ማዕበል ግቢውን እስከ 15 ሜትር ገደማ ከፍታ አጥለቀለቀው። የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹ ውኃ ገባባቸው፣ ኤሌክትሪክ ጠፋ፣ ማቀዝቀዣው ቆመ። በሥራ ላይ የነበሩት የሦስቱ ማብላያዎች ነዳጅ ቀለጠ። የ1ኛው ሕንፃ ማርች 12፣ የ3ኛው ማርች 14፣ የ4ኛው ማርች 15 በሃይድሮጂን ፍንዳታ ተበታተኑ።

በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለ ሰው እንዲወጣ ትዕዛዝ የወጣው በዚያው በማርች 11 ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ23 ላይ ነው። በማግስቱ ማለዳ 10፣ ማታውን ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ሆነ። ማርች 15 ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያለው ሕዝብ ከቤት አትውጡ ተባለ። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2012 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ የ3 ኪሎ ሜትሩ ትዕዛዝ ሲወጣ ማመንጫው ባለበት ከተማ አደጋ መድረሱን ያወቀው ከመቶ 20 ነዋሪ ብቻ ነበር። ሌላው ለምን እንደሚወጣ፣ ለስንት ቀን እንደሚወጣ ሳያውቅ የለበሰውን ለብሶ ወጣ።

የመንግሥት ድምፅ የነበሩት የካቢኔው ዋና ጸሐፊ ዩኪዮ ኤዳኖ ናቸው። ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሰው ቀንም ሌሊትም መድረክ ላይ ይቆሙ ነበር። ሕዝቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልጠላቸውም፤ እንዲያውም ትዊተር ላይ «ኤዳኖ ይተኙ» የሚል መልእክት ከዳር እስከ ዳር ተዛመተ። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። አመኔታው መጀመሪያውኑ ያልነበረ አይደለም። ነበረ፤ ተሸርሽሮ ነው ያለቀው።

የሸረሸረው ምን ነበር? ኤዳኖ ደጋግመው ያሉት በሰው ጤና ላይ ወዲያው የሚደርስ ጉዳት የለም ነው። በሕክምና በኩል ሐሰት አልነበረም፤ በአጣዳፊ የጨረር ሕመም የወደቀ ነዋሪ አልተገኘም። የእናት ጥያቄ ግን ያ አይደለም። ልጄ ነገ ትምህርት ቤት ትሂድ ወይ? ልብስ ውጭ ላስጣ? የጓሮዬን ጎመን ልቀቅለው? ለእነዚህ «ወዲያው ጉዳት የለም» መልስ አይሆናቸውም። ማርች 23 የቶኪዮ ባለሥልጣናት በካናማቺ የውኃ ማጣሪያ በአንድ ኪሎ 210 ቤክሬል (ከአንድ ነገር የሚወጣው ጨረር የሚለካበት አሃድ) አዮዲን 131 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር መገኘቱን ተናገሩ፤ ለሕፃናት የተፈቀደው ጣሪያ 100 ነበር። የታሸገ ውኃ ወዲያው ከመደብር ጠፋ። የአሜሪካ መንግሥት በበኩሉ ዜጎቹን ከ80 ኪሎ ሜትር ክልል ውጡ ብሎ ነበር። ጃፓናዊው 20፣ አሜሪካዊው 80፤ ሁለቱንም ቁጥር ሰው እዚያው ስልኩ ላይ ያነባል።

ከሁሉ የከፋው የ«ስፒዲ» ጉዳይ ነው። ስፒዲ የጃፓን መንግሥት ለዓመታት የገነባው፣ ነፋስና መልክዓ ምድርን አስልቶ ጨረሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚተነብይ የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር። ከማብላያዎቹ ስንት ጨረር እንደወጣ ባይታወቅም አቅጣጫውን ያመላክት ነበር። ውጤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የተገለጸው ማርች 23 ነው። እስከዚያ ድረስ የናሚኤ ከተማ ሰዎች በሺዎች ሆነው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ጹሺማ ወደሚባለው የከተማዋ ክፍል ሸሽተው ነበር። ማርች 15 ነፋሱ የነፈሰው ወደዚያው ነው። ከማመንጫው በራቁ ቁጥር የዳኑ መስሏቸው የጨረሩን መንገድ ይዘው ሄዱ፤ የነገራቸውም አልነበረም። ሕዝቡን እንዳናሸብር የሚለውን የባለሥልጣናት ፍርሃት እረዳለሁ። ነገር ግን ሽብሩን ለማስቀረት የተደበቀው ካርታ ሰዎችን ወደ አደጋው እንዲጠጉ አደረገ፤ ይህን ምንም ማስተባበያ አያቃናውም።

3.8 የሚለው ቁጥር

ኤፕሪል 19 የትምህርት ሚኒስቴር ለፉኩሺማ ትምህርት ቤቶች መመሪያ አወጣ፤ በሜዳው ላይ የሚለካው በሰዓት ከ3.8 ማይክሮሲቨርት በታች ከሆነ ልጆች እንደ ወትሮው መጫወት ይችላሉ የሚል። በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት አይበልጥም ተባለ (አንድ ሚሊሲቨርት አንድ ሺህ ማይክሮሲቨርት ነው)። እስከዚያ ለተራው ሕዝብ የተለመደው ወሰን በዓመት 1 ነበር።

በኢንተርኔት የተሰባሰቡ ወላጆችና ባለሙያዎች መጀመሪያ ያደረጉት መጮህ አይደለም፤ ስሌቱን ፈቱት። ልጅ በቀን 8 ሰዓት ውጭ ይቆያል፣ 16 ሰዓት ቤት ውስጥ። ቤት ውስጥ ያለው ጨረር የውጭው 40 ከመቶ ነው ተብሎ ተወስዷል። ስለዚህ 16 ሰዓቱ እንደ 6.4 ሰዓት ይቆጠራል፤ በድምሩ 14.4። 3.8 በ14.4 ሲባዛ፣ ከዚያ በ365 ቀን ሲባዛ፣ 20 ሚሊሲቨርት ይመጣል። ቁጥሩ በልጅ ጤና ላይ ከተደረገ ጥናት ተነሥቶ 3.8 ላይ አልደረሰም። ከ20 ተነሥቶ ወደ ኋላ የተሰላ ነው። በምግብና በውኃ፣ በአቧራም በኩል ወደ ሰውነት የሚገባውም አልተደመረበትም። ይህን ማንም የሒሳብ መምህር በአንድ ገጽ ማስረዳት ይችላል፤ ብዙዎችም አስረዱት።

የመንግሥት አማካሪ የነበሩት የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቶሺሶ ኮሳኮ በኤፕሪል መጨረሻ ሥራቸውን ለቀቁ፤ በጋዜጠኞች ፊት እያነቡ ይህን ወሰን ለሕፃናት መቀበል ሕሊናዬ አይፈቅድም አሉ። ሜይ 23 የፉኩሺማ ወላጆች ቶኪዮ ድረስ ሄደው በሚኒስቴሩ ደጃፍ ተሰለፉ። ሜይ 27 ሚኒስቴሩ በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ለሚያገኙት ጨረር ዓመታዊውን 1 ሚሊሲቨርት ግብ አድርጎ እንደሚሠራ አስታወቀ። የሜዳውን አፈር ለመጥረግ የሚወጣውንም ወጪ እንደሚያግዝ ገለጸ። ከኤፕሪል 19 እስከ ሜይ 27 ብዙ አይደለም። እኔ እንደማስበው ይህን ያፋጠነው ቁጣው ብቻ ሳይሆን ስሌቱ በሁሉም እጅ መግባቱ ነው፤ ባለሥልጣኑ ሲጠየቅ «ውስብስብ ነው» ማለት አልቻለም።

ቤንቶ የምታክል ሣጥን

ከአደጋው በኋላ ባሉት ቀናት የመጀመሪያው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ መገልበጥ ነበር። ሚኒስቴሩ የየክፍለ ሀገሩን ልኬት ያወጣ የነበረው በፒዲኤፍ ሠንጠረዥ ነው፤ ሰው ያነበዋል እንጂ ኮምፒውተር አያሰላውም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ቁጥሮቹን እያወጡ ወደ ግራፍና ካርታ ቀየሯቸው። ኒኮኒኮ የተባለው የቪዲዮ አገልግሎት የቴፕኮን ጋዜጣዊ መግለጫ ሳይቆርጥ በቀጥታ ያስተላልፍ ስለነበር፣ ሌሊት ቁጭ ብለው የሰሙትን ጽፈው፣ ተርጉመው የሚያሠራጩ ነበሩ። የፊዚክስ ሊቁ ሪዩጎ ሃያኖ ይፋዊውን ልኬት በግራፍ እየሣሉ ትዊተር ላይ ማውጣት ሲጀምሩ ሦስት ሺህ ገደማ የነበረው ተከታያቸው ወደ 150,000 ደረሰ።

መገልበጥ ግን ወሰን አለው፤ ያልተለካ ነገር አይገለበጥም። ይፋዊው መለኪያ ጥቂት ነበር፣ እርስ በርስ የተራራቀም ነበር። አንዳንዱ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተተከለ ነው፤ ሲዚየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ደግሞ ዝናቡ ያወረደው መሬት ላይ ነው፣ ልጅ በሚድህበት። በሌላ በኩል ጋይገር የሚባለው የጨረር መቁጠሪያ በዓለም ገበያ ተሟጥጦ ነበር።

ሴፍካስት የተባለው ጨረር የሚለካ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን የተወለደው ከዚህ እጥረት ነው። በማርች 2011 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ያሉ የሶፍትዌር ሰዎች የተበታተኑ የጨረር ቁጥሮችን አንድ ካርታ ላይ የሚያሰባስብ ድረ ገጽ ከፈቱ። ከነሾን ቦነር፣ ፒተር ፍራንከንና ጆይ ኢቶ፣ የቴክኖሎጂ ወዳጆች በጋራ ከሚሠሩበት ከቶኪዮ ሃከርስፔስም ጋር ተገናኙ። ሕዝብ ገንዘብ በሚያዋጣበት ኪክስታርተር በተባለ ድረ ገጽ ከ36,000 ዶላር በላይ ተዋጣ። መሣሪያ ገዝቶ ለየሰዉ ማደል የመጀመሪያው ሐሳብ ነበር፤ የሚገዛ መሣሪያ ጠፋ። ታዲያ ያሉትን ጥቂቶች እንዴት ለብዙ ቦታ እናዳርሳቸው? መኪና ላይ እንሰራቸው አሉ።

ያበጁት ዕቃ «ቢጋይጊ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው የጃፓን የምሳ ዕቃ ቤንቶን ስለሚመስል ነው። ሣጥኗ ውስጥ የጋይገር መቁጠሪያ፣ ጂፒኤስና ልኬቱን የምታስቀምጥ ትንሽ የማስታወሻ ካርድ አሉ። በመኪናው መስኮት በውጭ በኩል ትታሠራለች። በየ5 ሰከንዱ አንድ መስመር ትጽፋለች፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደቆጠረች። በተጠቀሙበት መቁጠሪያ በደቂቃ 334 ምት ለሲዚየም 137 በሰዓት 1 ማይክሮሲቨርት ነው፤ ይህን ማባዣም አልደበቁትም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በ5 ሰከንድ 55 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ መኪናው ባለፈበት መንገድ በየ55 ሜትሩ አንድ ልኬት አለ ማለት ነው። በኤፕሪል መጨረሻ ወደ ፉኩሺማ መንዳት ጀመሩ።

ያገኙት ክብ አልነበረም። መንግሥት በኮምፓስ የሣለው ክበብ ውስጥ ከውጭው ያነሰ ልኬት ያለበት ቦታ ነበር፤ ከክበቡ ውጭ ወደ ሰሜን ምዕራብ ደግሞ ረዥም ምላስ የሚመስል ከፍተኛ ጨረር ተዘርግቷል። በአንዱ መንገድ ዳርና ዳር እንኳ ልኬቱ ይለያያል። ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ የሚጠራቀምበት ቦይ፣ የዛፍ ሥር፣ ቅጠል የተከመረበት የአጥር ጥግ ከግቢው መካከል ይበልጣል። የከተማውን አማካይ የሚነግር መግለጫ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ቤት ሰው ግን አልረዳውም።

ሁለት ነገር ቆርጠው ያዙ። አንደኛ፣ ልኬቱ ሁሉ ያለ አንዳች የባለቤትነት መብት ለማንም ክፍት ነው፤ ሳይንቲስቱም፣ መንግሥቱም፣ ራሱ ቴፕኮም ይውሰደው። ሁለተኛ፣ «እዚህ መኖር ይቻላል» ወይም «አይቻልም» አይሉም። ይህ ሁለተኛው ከሁለት ወገን አስወቀሳቸው። ኒውክሌርን የሚቃወሙት ለምን አታወግዙም አሏቸው፣ የሚደግፉት ሰው ታስፈራላችሁ አሏቸው። ለእኔ ከሥራቸው ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው የሚመስለኝ። ልጅ ታቅፋ ለምትጠይቅ እናት ቁጥሩን ሰጥቶ ፍርዱን ለእሷ መተው ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከመድረኩ ለሳምንታት የተሰጣት ፍርድ ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ አልነበረም። ያጣችውን ነው የሰጧት።

ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ የመለሱት በጥርጣሬ ነው። ኤፕሪል 6 የአገር ውስጥ ጉዳይና ኮሙኒኬሽን ሚኒስቴር የኢንተርኔት ድርጅቶች አሉባልታን በተመለከተ ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱ ጠየቀ። በዚያው ዓመት አጋማሽ የጃፓን መንግሥት የኃይል ኤጀንሲ ስለ ኒውክሌር በኢንተርኔት የሚጻፉ «ትክክል ያልሆኑ» መረጃዎችን የሚከታተል ድርጅት ለመቅጠር ጨረታ አወጣ። እያደር ግን በሩ ተከፈተ። በ2014 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቪየና ላይ ባዘጋጀው የባለሙያዎች ጉባኤ የሴፍካስት ሰዎች ሥራቸውን አቀረቡ። የተሰበሰበው ልኬት ከጊዜ በኋላ ከ100 ሚሊዮን አለፈ።

የተሳሳቱበትና የሚያከራክረው

በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ሴፍካስት አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዮዲን ያለበት የጉሮሮ መጉመጥመጫ ጠጡ የሚል ምክር ተሠራጭቶ፣ የጃፓን የጨረር ሕክምና ተቋም ሕዝቡን ማስጠንቀቅ ነበረበት። እዚህ ላይ ይፋዊው ድምፅ ትክክል ነበር፤ ምክሩን ኢንተርኔት ላይ የተዋጉትም ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ርካሽ መሣሪያ ገዝቶ አንድ ጊዜ አብርቶ ያየውን ቁጥር የሚለጥፍም ሞልቶ ነበር። የጨረር ምት እንደ ዕድል ይመጣል፤ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ከተቆጠረ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይወጣል ይወርዳል።

የሴታጋያው ታሪክ በዚህ ረገድ ጥሩ ማሳያ ነው። በኦክቶበር 2011 በቶኪዮ ሴታጋያ ወረዳ አንድ የእግረኛ መንገድ ላይ ከፍተኛ ጨረር ተገኘ፤ የወረዳው ሰዎች ሲለኩት በሰዓት እስከ 2.7 ማይክሮሲቨርት ደረሰ። ሁሉም ፉኩሺማ ነው አለ። ሲፈተሽ ግን ምንጩ በአንድ አሮጌ ቤት ወለል ሥር የተቀመጠ የራዲየም ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ፤ ከማመንጫው ጋር አይገናኝም። በዚያው ወር በቺባ ክፍለ ሀገር ካሺዋ ከተማ 30 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ 57.5 ማይክሮሲቨርት ሲለካ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። ከተሰበረ የውኃ ቦይ የተጠራቀመ ሲዚየም ነው፤ ይህኛው ከፉኩሺማ የመጣ ነበር። መሣሪያው በሁለቱም ቦታ አልዋሸም። ከየት መጣ የሚለውን ለማወቅ ግን ባለሙያና መቆፈሪያ ያስፈልጋል።

ሃያኖንም ሳላነሣ አላልፍም። ሕዝቡ ያመናቸው ሳይንቲስት ናቸው፤ ለትምህርት ቤት ምግብ ምርመራ ተሟግተዋል፣ ለሕፃናት የሚሆን የሰውነት ጨረር መመርመሪያ እንዲሠራ አድርገዋል። ነገር ግን ከሌላ ተመራማሪ ጋር በዳቴ ከተማ ነዋሪዎች ልኬት ላይ ያሳተሟቸው ጽሑፎች ፈቃድ ያልሰጡ ሰዎችን መረጃ የያዙ መሆናቸው ታውቆ በ2020 ከመጽሔቱ ተሰረዙ። ነዋሪዎቹ ለዓመታት ያጉረመረሙበት በመንግሥት መደበቅ ነበር፤ ይህ ደግሞ የገዛ ገላቸው ልኬት ሳይጠየቁ መወሰዱ ነው። ጉዳቱ ያንሳል ብዬ አላስብም።

በሌላ አቅጣጫ የሄዱም አሉ። በኖቬምበር 2011 በኢዋኪ ከተማ እናቶች ታራቺኔ የተባለ የምርመራ ቤት ከፈቱ። ማንም ሰው ከጓሮው የነቀለውን፣ ከገበያ የገዛውን ይዞ ይመጣል፤ ተፈጭቶ ይለካለታል፣ ውጤቱ በቤክሬል ይሰጠዋል። የምግብ ጣሪያው ያን ጊዜ በኪሎ 500 ቤክሬል ነበር፤ ከኤፕሪል 2012 ጀምሮ ለመደበኛ ምግብ ወደ 100 ወረደ። እነዚህ ሴቶች የፊዚክስ ሰዎች አልነበሩም፤ ተምረው ነው የገቡበት።

ቴፕኮ ደግሞ በ2016 አመነ፤ በወቅቱ የነበሩት ፕሬዚዳንት በአደጋው ቀናት ስለ ማብላያዎቹ «መቅለጥ» የሚለው ቃል በይፋ እንዳይነገር አዘው እንደነበር ገለልተኛ አጣሪዎች አረጋገጡ። አምስት ዓመት ወሰደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከሁሉ ይልቅ ያስገርመኛል። በማርች 2018 የጃፓን የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በፉኩሺማ ትምህርት ቤቶችና መናፈሻዎች ከተተከሉት መለኪያዎች 2,400 ያህሉ እንዲነሡ ወሰነ፤ ጨረሩ ስለቀነሰ አያስፈልጉም በማለት። በየከተማው በተደረጉ የማብራሪያ ስብሰባዎች ላይ ተነሥተው የተቃወሙት ነዋሪዎቹ ናቸው፤ ከፊት ያሉት እናቶች ነበሩ። ማመንጫውን የማፍረሱ ሥራ እስከቀጠለ ድረስ መለኪያው ቦታው ላይ ይቁም አሉ። ባለሥልጣኑ በሜይ 2019 ዕቅዱን ተወው፤ መለኪያዎቹም ባሉበት ቀሩ።